በረካው ሳይጠጣ

ልጆቼ፣ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ በደጀ ሰላሙ ጥግ አስቁማችሁ፣ «ጋሼ፣ ለዓመቱ በዓል ያዘጋጀናት ጭውውት ናት፤ አንብበው ይምከሩን» ብላችሁ የሰጣችሁኝን ዘጠኝ ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ፊደል አረምኩ፤ መምህር ጡረታ ቢወጣም ቀይ እስክሪብቶው ጡረታ አይወጣም። በሁለተኛው ነገሩን መረመርኩ። በሦስተኛው ነገሩ ዞሮ እኔኑ መረመረኝ። ይህን ጉድ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

«ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም» ይባላል። ስለዚህ የማስይዛችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መድረክ ላይ ፍርዱን ተዋናዩ አይስጥ፤ ተመልካቹ ይስጥ። ሰጥቶ ሲያበቃ፣ የፈረደው በራሱ ላይ እንደሆነ ቤቱ ገብቶ ይወቀው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የዚህችው ማብራሪያ ነው።

ይህን ከራሴ አላመነጨሁትም፤ ከነቢዩ ናታን የተማርኩት ነው። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ባሏን በጦር ግንባር ካስገደለው በኋላ ናታን ወደ ንጉሡ ገባ፤ ገብቶም ወሬ አወራለት። አንድ ብዙ መንጋ ያለው ባለጠጋ ነበረ፤ አንድ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ያሳደጋት፣ ከጽዋው የምትጠጣ፣ በጉያው የምትተኛ አንዲት በግ ብቻ ያለችው ድኻ። ባለጠጋው እንግዳ ሲመጣበት ከራሱ መንጋ ለማረድ ሳሳና የድኻውን በግ ወስዶ አረደ። ናታን ለምን በግ መረጠ? ዳዊት ከመንገሡ በፊት እረኛ ነበር፤ ከአንበሳና ከድብ አፍ በግ ያስጣለ እረኛ። ስለ ባልና ሚስት ቢያወራለት ኖሮ ወዲያው ይነቃበት ነበር፤ ስለ በግ ሲያወራለት ግን የልጅነት አንጀቱ ተላወሰ። በቁጣ ነድዶ፣ ያ ባለጠጋ ሞት ይገባዋል፣ በጓንም አራት እጥፍ ይክፈል ብሎ ፈረደ። ናታን ሰውየው ንጉሡ ራሱ መሆኑን የነገረው ፍርዱ ከንጉሡ አፍ ከወጣ በኋላ ነው። ጌታችንም እንዲሁ አድርጓል። ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ለጠየቀው የሕግ አዋቂ የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ነገረውና ጥያቄውን መልሶ ለእርሱው ሰጠው፤ መልሱን ያወጣው ጠያቂው ራሱ ነው። «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» ማለት ይህ ነው።

ከናታን ታሪክ ሁለት ምዕራፍ አልፋችሁ ደግሞ የቴቁሔዋን ብልህ ሴት አንብቡ። ኢዮአብ፣ አቤሴሎም ከስደት እንዲመለስ ፈልጎ ይህችን ሴት አስመጣ። የኀዘን ልብስ እንድትለብስ፣ ዘይት እንዳትቀባ ነገራት፤ የምትናገረውንም በአፏ አደረገላት። ደራሲም አዘጋጅም አልባሳት መራጭም እርሱ ነበር ማለት ነው። ሴትዮዋ ሁለት ልጆቿ በሜዳ ተጣልተው አንዱ አንዱን እንደ ገደለው፣ ዘመዶች የቀረውንም ሊገድሉባት እንደ ሆነ ስታወራ፣ ንጉሡ ልጇን ማንም እንደማይነካው ማለላት። እዚህ ድረስ ጭውውቱ ሠርቷል። ትርጓሜውን መተንተን ስትጀምር ግን ዳዊት ብድግ ብሎ የኢዮአብ እጅ እንዳለበት ጠየቃት። ልብ በሉ፤ የደራሲው እጅ የታየው ታሪኩ ሲነገር አይደለም፣ ታሪኩ ሲተነተን ነው።

አባቶች «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ያሉት ለማማር ብቻ አይመስለኝም። የብርሌ አንገት ጠባብ ነው፤ ጠጁ አንዴ አይንዶለዶልም፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ጠጪውም በመስታወቱ በኩል የሚጠጣውን ያየዋል። ጥሩ ጭውውት ብርሌ ነው። ስብከቱን በጣሳ ለመስጠትማ መድረኩ ምን ያደርጋል? ዓውደ ምሕረቱ አለ፣ ሰባኪውም አለ።

«ድራማ ምን ሲደረግ በቤተ ክርስቲያን?» የሚሉ እኩዮቼ አሉ፤ አክብራችሁ ስሟቸው እንጂ አትከራከሯቸው። ግን ዕወቁ፤ አባቶቻችን በዓይን ማስተማርን ያውቁበታል። በገና ዕለት ላሊበላ ላይ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከአፋፉ ላይና ከታች ቆመው ቤዛ ኵሉ ሲሉ፣ የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናንን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ሲያጥብ፣ ትሕትና ምን እንደሆነ ሕፃን እንኳ ሳይነገረው ይገባዋል። ይህ ሥርዓተ አምልኮ ስለሆነ ጭውውት ብዬ አላሳንሰውም፤ ከዓይን ወደ ልብ የሚወስደውን መንገድ ግን አሳይቶናል። የአገራችን ትያትርም ቢሆን ከምሳሌ ነው የተወለደ። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ፋቡላን ሲጽፉ የሹማምንቱን ነውር በአውሬዎች አፍ አናገሩት። ነገሩ ስለገባቸው ነው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ያገዱት! ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤም የደብረ ኤልያስ የቅኔ ሰው ነበሩ፤ ሰምና ወርቁን ከቅኔ ቤት ይዘው ነው ወደ መድረክ የወጡት። የእናንተም ሰም የሰፈራችሁ ኑሮ ይሁን፤ ወርቁን ሰሚው ይፈልቅቀው።

አሁን ደግሞ እኛ በእናንተ ዕድሜ ያጠፋነውን ልንገራችሁ፤ እናንተ እንዳትደግሙት። ባደግሁበት ከተማ ስለ ስካር አንድ ጭውውት አዘጋጀን። በከተማው መጠጥ የሚያበዛ አንድ ሰው ነበር፤ ቡናማ ካፖርት ይለብሳል፣ ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ተዋናያችን ቡናማ ካፖርት ተውሶ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ ወጣ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ባርኔጣውን ከጭኑ አነሣ፣ የትንሽ ልጁን እጅ ያዘ፣ ወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ አልረገጠም። በኋላ ከንስሐ አባቱ ጋር ሽማግሌ ይዘን ቤቱ ድረስ ሄደን ወደቅንበት። «የጠጣሁትስ እውነት ነው» አለን፤ «ግን እኮ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላሉ፤ የመድረክ ወለምታማ ሕዝብ ያየው ስለሆነ ይብሳል።

ከዚያ ወዲያ ነው የናታን ብልሃት የገባኝ። ናታንም እኮ አንድን ሰው አስቦ ነው የሄደ። ነገር ግን ልብሱን ቀየረለት፤ ንጉሡን ባለጠጋ፣ ሚስትን በግ አደረጋት። ኃጢአቱን ግን እንዳለ ተወው፤ ቅሚያው ያው ቅሚያ ነው። እኛ የተገላቢጦሽ ሠራን፤ ልብሱን እንዳለ ትተን ኃጢአቱን አጋነንነው። እናንተ ጽሑፋችሁን ስትጨርሱ ይህን ጠይቁ፦ የቀየርነው ልብሱን ነው ወይስ ኃጢአቱን? ደግሞም ናታን ወደ ንጉሡ ገብቶ ነው የነገረው፤ በአደባባይ አይደለም።

«ጉዳይ ከየት እናምጣ?» ለምትሉት፣ መጽሐፈ ምሳሌን በጭውውት ጸሐፊ ዓይን አንብቡት። በእኛ መጻሕፍት አቆጣጠር ተግሣጽ የምንለውንም፣ ማለትም ከ25 እስከ 31 ያለውን፣ አትዝለሉ። ሰሎሞን የገበያውን፣ የጎረቤቱን፣ የብድሩን፣ የጓዳውን ነገር እንደ ሰፈር ሰው ያውቀዋል። ምዕራፍ 20 ላይ ዕቃውን እያጣጣለ ገዝቶ ዞር ሲል የሚኩራራ ገዢ አለ። ይህን ሰው መርካቶ ሸማ ተራ ታገኙታላችሁ። «ጥለቱ ይለቃል፣ ድሩ ሳስቷል» ብላ ሸማኔውን አስለቅሳ ነጠላ የገዛች እናት፣ በማኅበር ላይ «በስንት የገዛሁት ይመስላችኋል?» ስትል አሳዩን፤ ከዚያም ያንኑ ነጠላ ተከናንባ ለጸሎት ስትቆም። ምንም አትጨምሩበት።

ምዕራፍ 26 ላይ ባልንጀራውን አታልሎ ሲያበቃ ቀልዴን ነው የሚለውን ሰው፣ እሳት ከሚወረውር እብድ ጋር ያመሳስለዋል። ዛሬ ይህ ሰው ስልክ ይዞ ቲክቶክ ላይ ፕራንክ ይሠራል፤ አሮጊት አስደንግጦ ያስቃል። ምዕራፍ 6 ስለ ዋስ ነው። ለጓደኛው የፈረመ ሰው፣ ሚዳቋ ከአዳኝ እጅ እንደምታመልጥ ሳይተኛ ራሱን ያድን ይላል። ስንት ቤት ነው በ«ፈርምልኝ፣ ችግር የለውም» የተናጋው! ምዕራፍ 18 ደግሞ ለእኛ ለሽማግሌዎች የተጻፈ ነው፤ መጀመሪያ የተናገረ ሰው፣ ባላጋራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ እውነተኛ ይመስላል። ከዚህ የሚያምር ጭውውት ይወጣል። በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ባል ለሽማግሌ ይናገር፤ ተመልካቹ በሚስት ይፍረድ። በሁለተኛው ሚስት ትናገር። ተመልካቹን ሁለት ጊዜ አስፈርዱት፤ ከዚያ በኋላ ወሬ ሰምቶ ለመፍረድ ትንሽ ያፍራል።

እንግዲህ ወደ እናንተ ጽሑፍ ልግባ። አሳባችሁ ግሩም ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ሁለት እናቶች በአንድ ሕፃን ይካሰሳሉ፤ እናንተ ገልብጣችሁ ሁለት ልጆችን በአንዲት አሮጊት እናት አካሰሳችኋቸው። በዚያ እያንዳንዷ «የእኔ ነው» ትላለች፤ በእናንተ ግን እያንዳንዱ «አንተ ጋ ትሁን» ይላል። እናትዮዋ ከመጋረጃው ጀርባ ቡና እየቆላች ሁሉንም ትሰማለች። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ተዘርግቷል። እርሷ አቦሉን ስታቀርብ ልጆቹ ወሬ ይቀይራሉ፤ ስትመለስ ይቀጥላሉ። ቶናውን ስታቀርብ ታላቅየው ሰዓቱን ያያል፤ ታናሽየው ስልኩ ይጠራል። ሁለቱም «እማዬ፣ እንመለሳለን» ብለው ይወጣሉ። ይህን ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት።

ከዚያ ገጽ ስምንት መጣ። ጎረቤት የሆነው ዲያቆን ገብቶ ሁለት ገጽ ያህል ስለ አባትህንና እናትህን አክብር ይሰብካል፤ ልጆቹ ተመልሰው እግሯ ላይ ይወድቃሉ፤ መዝሙር ይከፈታል። ልጆቼ፣ ስምንትንና ዘጠኝን ቅደዷቸው። የሰሎሞንን ፍርድ አስታውሱ እስቲ። ንጉሡ ለሁለቱ ሴቶች ስለ እናትነት አልሰበከም፤ ሰይፍ አምጡልኝ አለ። ሰይፉ ሲመጣ የእውነተኛዋ እናት አንጀት ራሱ ተናገረ። «የእኛስ ሰይፍ የታለ?» ካላችሁኝ፣ እኔ ገጽ ሰባት ላይ አግኝቼዋለሁ፤ እናንተው አስቀምጣችሁ ረስታችሁታል። ረከቦቱ ላይ ነው። አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ፤ ልጆቹ ሄዱ። በረካውስ? የቡና ምርቃቱ ሦስተኛው ላይ ነው። እናትዮዋ ትመለስ፣ ሁለቱን ባዶ መቀመጫ ትይ፣ እንደ ልማዷ ሦስተኛውን ለሁለቱም ትቅዳ። ከዚያ ትቀመጥ፤ አንድም ቃል አትናገር። መብራቱ ይጥፋ። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ ያ ዝምታ ከሁለት ገጽ ስብከት ዕድሜው ይረዝማል።

ግን አንድ ስጋት አለኝ። ሁለቱን ልጆች በጣም ክፉ አድርጋችኋቸዋል። ክፉ ብቻ የሆነን ሰው ማንም «እኔን ይመስላል» አይልም፤ እያማተበ ያልፈዋል። ምክንያት ስጧቸው። ታላቅየው ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሦስት ልጆች ጋር ይኑር። ታናሽየው የሌሊት ፈረቃ ይሥራ። ምክንያታቸው እውነት ይሁን፤ ጥፋታቸውም እውነት ይሁን። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና፣ ሰው የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ምክንያት ይዞ እንደሆነ አሳዩ። ስለ ፍጻሜውም አትጨነቁ። የጠፋው ልጅ ታሪክ እንኳ የሚያበቃው አባትየው ታላቅ ወንድሙን ከደጅ ሲለምነው ነው፤ ይግባ አይግባ አልተጻፈልንም። በሩ ለሰሚው ክፍት ቀርቷል።

ስለ አቀራረቡም ጥቂት ልበል። አንድ ማይክራፎን እየተቀባበላችሁ አትጫወቱ፤ እናት ለልጇ ቡና ልትሰጥ ሄዳ ማይክራፎን ስትሰጠው ጭውውቱ እዚያው ያልቃል። አዳራሹ ትንሽ ነው፤ በድምፃችሁ ተለማመዱ። የጥጥ ጺም ይቅር፤ ልጅ ያስቃል፣ ሽማግሌ ያሳፍራል። እናትን የምትጫወተው ልጅ ለማልቀስ አትታገል። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም»፤ አንጀቷ ካልተነካ ግን በሽንኩርት የመጣ እንባ ከኋላ ወንበር ይታወቃል። እጇ ስኒ ሲያነሣ ይታየን፣ ይበቃል። «ከፍትፍቱ ፊቱ» እንደሚባለው፣ ከምትናገሩት ቃል ይልቅ ፊታችሁን እናነባለን። ልምምዱንም ለበዓሉ ዋዜማ አትተዉት፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። ድምፅ ማጉያውን ደግሞ ወደ ሰፈር አታዙሩት። ባልንጀራውን በማለዳ እየጮኸ የሚባርክ ሰው እንደሚራገም ይቆጠራል ያለው ያው ሰሎሞን ነው፤ የሌሊት ተረኛ ጎረቤት እንዳለን አትርሱ።

ቃል በገባሁት ላብቃ። ገጽ አራት ላይ ታላቅየው ልጅ «እዚያው ትሁን፤ አየሩ ይስማማታል» ይላል። በመጀመሪያው ንባቤ ከሥሩ በቀይ አሥምሬ «ሰው እንዲህ አይልም» ብዬ ጻፍኩበት። በሦስተኛው ንባቤ እጄ ተንቀጠቀጠ። ለፋሲካ ወንድሞቼ ቤት ተሰብስበን ደሴ ብቻዋን ስላለችው ታላቅ እኅታችን ስንነጋገር፣ እናታችን ከሞተች ጀምሮ እናት ሆና ያሳደገችንን ማለቴ ነው፣ «እዚያው ትሁን፣ አየሩ ይስማማታል» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ቃል በቃል። የእናንተን ወረቀት በቀይ ስሞነጭር፣ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የተባለችው እኔው ሆኜ ተገኘሁ። እርማቴን ሰርዤዋለሁ፤ ሰው እንዲህ ይላል።

ስለዚህ ያችን ዓረፍተ ነገር እንዳትነኳት። እኔ ማክሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ደሴ እሄዳለሁ፤ በረቡዑ ልምምድ አትጠብቁኝ። ለበዓሉ እኅቴን ይዤ እመጣለሁ፤ ፊት ለፊት ሁለት መቀመጫ ያዙልን። ሦስተኛውን ቡና ደግሞ ትኩስ አድርጋችሁ ቅዱት፤ እንፋሎቱ ከተቀመጥንበት ይታየን።